የአንጎል ሰፈሮች እና የአንድ ስኒ ቡና ጉዞ

ጅማ ላይ ቡና ከመጠጣቱ በፊት ይሸተታል። ታጥቦ በምጣድ የተቆላው ፍሬ ጠቁሮ፣ ቅባቱ ወጥቶ ሲያብለጨልጭ፣ የምትቆላው ሴት ምጣዱን ከእሳቱ አንስታ እንግዶቹ ፊት ተራ በተራ ታዞረዋለች። እንግዳው ጭሱን በመዳፉ ወደ ራሱ እየሳበ ያሸትታል፤ «እሰይ፣ ግሩም ቡና ነው» ይላል። ሙቀጫው፣ ጀበናውና አቦሉ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ያቺ አፍታ አጭር ናት። በውስጧ ግን የእንግዳው ዓይን የፍሬውን ቀለም አይቷል፤ ጆሮው የምጣዱን መንጣጣት ሰምቷል፤ እጁ ሳይቃጠል ጭሱን ስቧል፤ አፍንጫው ሽታውን ለይቷል፤ አንደበቱ አመስግኗል። ምናልባትም ከሠላሳ ዓመት በፊት እናቱ ትቆላው የነበረው ቡና ትዝ ብሎታል። ይህ ሁሉ የተከናወነው በአንድ ራስ ቅል ውስጥ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ግን አይደለም። ማየት፣ መዳሰስ፣ ማሽተት፣ መናገርና መወሰን በአንጎላችን ላይ የየራሳቸው ሰፈር አላቸው። በዚህ ምዕራፍ ቡናውን ከዛፉ እስከ ስኒው እየተከተልን እነዚያን ሰፈሮች እንጎበኛለን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአገልግል ውስጥ የታጠፈ እንጀራ

የአንጎላችን ውጫዊ ሽፋን የአንጎል ቅርፊት ወይም ኮርቴክስ ይባላል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ተዘርግቶ ቢለካ ወደ ሩብ ሜትር ካሬ ይጠጋል። አንድ ትልቅ እንጀራ በስፋቱም ሆነ በውፍረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያንን እንጀራ ሳንቆርስ በትንሽ አገልግል ውስጥ ክዳኑ እስኪገጥም እናስገባው ብንል መታጠፉና መሸብሸቡ የግድ ነው። ቅርፊቱም በራስ ቅላችን ውስጥ የተቀመጠው እንዲሁ ተጣጥፎ ነው፤ ከሦስት እጁ ሁለቱ ያህል በእጥፋቶቹ ውስጥ ተደብቆ ከውጭ አይታይም። በዚህ ስስ ሽፋን ላይ 16 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ሰፍረዋል። በመላው አንጎል ያሉት 86 ቢሊዮን ያህል ናቸው።

ቅርፊቱ በአራት ትልልቅ ክፍሎች ይከፈላል። እጅዎን ግንባርዎ ላይ ያሳርፉ፤ ከሥሩ የግንባር ክፍል አለ። ወደ አናትዎ ይውሰዱት፤ የአናት ክፍል ነው። ከጆሮዎ በላይ ያድርጉት፤ የጆሮ ግንድ ክፍል ነው። ከራስዎ ኋላ፣ ከማጅራትዎ ከፍ ብሎ ያለው ደግሞ የኋላ ክፍል ነው።

ጅማን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከተራራው ላይ አባ ጂፋር ዳግማዊ ከ1878 እስከ 1932 የነገሡበት የጅሬን ቤተ መንግሥት አለ፤ ከታች በሐሙስ ገበያዋ ከሩቅ አገር ነጋዴ ትስብ የነበረችው ሂርማታ አለች። አንዱ ሲፈርድና ሲያዝ ሌላው ሲሸጥና ሲለውጥ ኖሯል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ባይኖር ግን አንዱም ለሌላው ባልጠቀመ ነበር። ቅርፊቱም እንዲሁ ነው፤ ሰፈሩም መንገዱም ያስፈልጋል።

ጀርመናዊው ኮርቢኒያን ብሮድማን በ1909 ሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ እያየ፣ አደራደራቸው የተለያየበትን ሁሉ እየከለለ ለቅርፊቱ እስከ 52 የሚደርስ ቁጥር ሰጠ። ሐኪሞች ዛሬም በእነዚያ ቁጥሮች ይነጋገራሉ። በ2016 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በምስል መሣሪያ ታግዘው በእያንዳንዱ የአንጎል ንፍቅ 180 ክልሎችን ለይተዋል።

ቀዩን ከአረንጓዴው

ከጅማ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አጋሮ ሲደርሱ፣ ከዚያም ወደ ጎማና ወደ ጌራ ወረዳዎች ሲዘልቁ፣ ቡናው በዋንዛ፣ በብሳናና በሰሳ ጥላ ሥር ቆሞ ያገኙታል። ጥቅምት ሲገባ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍሬ ተደባልቆ ይታያል። ጥሩ ለቃሚ ቀዩን ብቻ ይለያል፤ አረንጓዴው ከተቀላቀለ የቡናው ጣዕም ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ለቃሚዋ ይህን የምታደርገው ቆም ብላ ሳታስብ፣ ጣቷ ዓይኗን እየተከተለ ነው።

ዓይናችን ከፊት ቢሆንም የምናየው በራሳችን የኋላ ክፍል ነው። ከዓይን የሚነሳው መልእክት አንጎልን ከፊት ወደ ኋላ አቋርጦ እዚያ ይደርሳል። ከፊታችን ጎን ለጎን ያሉ ነገሮች በዚያ ቅርፊት ላይም ጎን ለጎን ይሰፍራሉ፤ ትክ ብለን የምናይበት መሃሉ ደግሞ ከዳር ዳሩ እጅግ የሰፋ ቦታ ይይዛል። ይህን ካርታ በጥንቃቄ ካወጡት አንዱ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ታትሱጂ ኢኖዬ ነበር። በ1904 እና 1905 በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ራሳቸውን በጥይት ተመትተው የተረፉ ወታደሮችን መረመረ። ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን እየለካ፣ እያንዳንዱ ቁስለኛ ከእይታው የትኛው ክፍል እንደጠፋበት መዘገበ። ግኝቱንም በ1909 አሳተመ።

ከዚህ የመጀመሪያ ጣቢያ ወደፊት ራቅ ብለው ሌሎች የእይታ ሰፈሮች አሉ። አንዱ በተለይ ቀለምን ይመለከታል። ጉዳት ሲደርስበት ሰውየው የፍሬውን ቅርጽ እያየ ቀዩም አረንጓዴውም አመድ ይመስሉታል። ሌላው እንቅስቃሴን ይከታተላል። ሌላው የሰውን ፊት ይለያል፤ እሱ ሲጎዳ አባወራው የሚስቱን ፊት እያየ ማንነቷን ያጣዋል፤ አፏን ከፍታ ስትናገር ግን በድምጿ ወዲያው ያውቃታል። ማየት የምንለው አንድ ቃል በውስጡ ብዙ ሥራ መያዙን ያስተማሩን እነዚህ ጉዳቶች ናቸው።

የእጅ ካርታ

ለቃሚዋ ፍሬውን ለይታለች። አሁን ጣቷ ይዘረጋል፣ ይይዛል፣ ይጠመዝዛል። ይህን የሚያዝዘው በግንባርና በአናት ክፍሎች ወሰን ላይ፣ ከአናት ወደ ጆሮ እንደ መቀነት የወረደ ጠባብ ቦታ ነው። ከወሰኑ በፊት ያለው መቀነት እንቅስቃሴን ያዝዛል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ቆዳችን የዳሰሰውን ይቀበላል። የግራው አንጎል ቀኝ እጅን፣ የቀኙ ግራ እጅን ያዛል።

ጀርመናውያኑ ጉስታቭ ፍሪትሽና ኤድዋርድ ሂትሲግ በ1870 የውሻን አንጎል በደካማ ኤሌክትሪክ እየነኩ፣ አንዱን ነጥብ ሲነኩ አንዱ እግር፣ ሌላውን ሲነኩ ሌላው እንደሚንቀሳቀስ አሳዩ። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ ደግሞ ይህንኑ በሰው ላይ አየው። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ ፔንፊልድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የራስ ቆዳ አደንዝዞ፣ እንደነቁና እያነጋገራቸው ቅርፊቱን በቀጭን ኤሌክትሮድ ይነካ ነበር። በሽተኛው «አውራ ጣቴ ነዘረኝ» ወይም «ከንፈሬ ተሳበ» ይለዋል፤ ፔንፊልድም ቦታውን ምልክት ያደርግበታል።

ከዚያ የወጣው ካርታ ላይ ጀርባና ጭን ትንሽ ስፍራ ሲኖራቸው እጅ፣ ከንፈርና ምላስ ሰፊውን ይዘዋል። የቦታው ስፋት የሚመዘነው በአካሉ ግዝፈት ሳይሆን በሥራው ረቂቅነት ነው። ረጃጅም ጣቶች ያሉት ስስ እጅ፣ ቡና የሚለቅም፣ ጥጥ የሚፈትል፣ ጀበናውን ከፍ አድርጎ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ከትንሿ ስኒ የሚያገናኝ እጅ፣ በአንጎል ላይ ከመላው ጀርባ የበለጠ ርስት አለው። ርስቱም በልምምድ ይሰፋል፤ ለዓመታት ገመድ ያለው መሣሪያ የተጫወቱ ሰዎች የግራ እጅ ጣቶቻቸው ካልተለማመደ ሰው የሰፋ ቦታ እንደያዙ ታይቷል።

ከአውራ ጣት የሚጀምር ማዕበል

ከፔንፊልድ ብዙ ዓመታት በፊት፣ ያለ ኤሌክትሮድና ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ይህን ካርታ በማስተዋል ብቻ የገመተ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፤ ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ይባላል። አንዳንድ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች መንቀጥቀጡ ከአውራ ጣታቸው ሲጀምር፣ ወደ እጃቸው፣ ወደ ክንዳቸው፣ ወደ ፊታቸው በሥርዓት ሲጓዝ አየ። በአንጎል ውስጥ የሚዛመት ማዕበል ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ስለዚህ አውራ ጣትና እጅ፣ እጅና ፊት በቅርፊቱ ላይ ጎረቤቶች መሆን አለባቸው ብሎ ደመደመ። ትክክል ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን አይተው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች አግኝተዋል፤ ከ1 ሺህ ሰው 5 ያህል ማለት ነው። ቤተሰብ ልጁን ከሰው ዓይን ሲደብቅ፣ ጎረቤት ሲሸሽ፣ ሕመሙ የርኩስ መንፈስ ሥራ ሲባል ኖሯል። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሸተት ዛሬም ድረስ የተለመደ ነው። ክብሪቱ ግን አያነቃም። ማዕበሉ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይበርዳል፤ የክብሪቱ ጭስ የሚተርፈው ለትንፋሹ ጉዳት ነው።

ከክብሪት የሚበልጥ እርዳታ አለ። የወደቀውን በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መያዝ፣ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ። ከሁሉም በላይ «ከየት ጀመረው?» ብሎ ማስተዋል። ከቀኝ አፍ ጥግ ነው? ከግራ አውራ ጣት ነው? አንዳንድ ሰው ከመውደቁ በፊት የሌለ የቃጠሎ ሽታ ይሸተዋል፤ ያ ማዕበሉ በጆሮ ግንድ ክፍል ውስጠኛ ጥግ፣ ከሽታ ሰፈር አጠገብ መነሳቱን ይጠቁማል። እናት ያየችውን በትክክል ከተናገረች ለሐኪሙ ካርታ ሰጠችው ማለት ነው። በሽታው በመድኃኒት የሚገታ የአንጎል ሕመም ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

የቀማሹ ማንኪያ

ቡናው ደርቆ፣ ተፈልፍሎ ጅማ ደረሰ። በቡና ጥራት ምርመራ ክፍልም ሆነ በ1967 በተቋቋመው መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ቡና ደረጃው የሚወጣለት በሰው ምላስና አፍንጫ ነው። ቀማሹ ተቆልቶ የተፈጨውን በመጀመሪያ ደረቁን ያሸትታል። የፈላ ውኃ ሲፈስበት 4 ደቂቃ ያህል ይጠብቅና ከላይ የሰፈረውን አረፋ በማንኪያ ሲሰብረው እንደገና አጎንብሶ ያሸትታል። ሲበርድለት በማንኪያ ቀድቶ በኃይል፣ ድምፅ እያሰማ ይምገዋል። በገበታ ላይ ነውር የሚሆነው ይህ ድምፅ በቅምሻ ክፍል የሙያው አካል ነው፤ ቡናው በአፉ ውስጥ እንደ ጉም ተበትኖ ትነቱ ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ እንዲወጣ ያደርገዋል።

የዚህ ምክንያት በአንጎል ውስጥ ነው። ምላስ የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፤ ጣፋጭ፣ መራራ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማ፣ የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕም። ይህ መልእክት በግንባርና በጆሮ ግንድ ክፍሎች መካከል በጥልቅ እጥፋት ውስጥ ወደተደበቀው ኢንሱላ ወደሚባል ሰፈር ይደርሳል። አፍንጫ ግን 400 ገደማ ዓይነት የሽታ ተቀባዮች አሉት፤ ከተቆላ ቡና ደግሞ ከ800 በላይ ተናኝ ንጥረ ነገሮች ተለይተዋል። ተመራማሪዎቹ ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የሽታ ተቀባዮቹን ጂኖች በ1991 አግኝተው በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የምላሱና የአፍንጫው መልእክት የሚገናኙት ከዓይናችን ጉድጓድ በላይ ባለው የግንባር ክፍል ወለል ላይ ነው። የሊሙ ቡና የሚታወቅበት የወይን ቃና የሚፈጠረው እዚያ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ቡናው ትኩስ መራራ ውኃ ሆኖበት «ጣዕሙ ጠፋብኝ» የሚለው ምላሱ ታሞ አይደለም፤ አፍንጫው መልእክቱን ስላልላከ ነው።

ሽታ ሌላም ልዩነት አለው። እይታ፣ ድምፅና ዳሰሳ ወደ ቅርፊቱ ከመድረሳቸው በፊት በአንጎል መሃል ባለው ታላመስ በሚባል ጣቢያ ያልፋሉ። ሽታ ግን በቀጥታ ይገባል፤ የሚያርፈውም ከስሜትና ከትዝታ ሰፈሮች አጠገብ ነው። ከአገር የራቀ የጅማ ልጅ በባዕድ ከተማ የሚቆላ ቡና ሲሸተው ስም ከመጥራቱ በፊት ዓይኑ እንባ የሚያቀርረው ከዚህ የተነሳ ነው። ቤቱ፣ ቄጠማው፣ የእናቱ ነጠላ ከቃሉ ቀድመው ይመጣሉ።

ቃሉ ሲጠፋ

ቀማሹ አሁን የቀመሰውን መናገር አለበት። ይህ የሰፈሮቹ ታሪክ የተጀመረበት ቦታ ነው።

ፓሪስ አጠገብ ባለው የቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የሚባል ሰው ለ21 ዓመት ኖሯል። ማንም ምንም ቢጠይቀው «ታን፣ ታን» ብቻ ይመልስ ስለነበር ስሙ ታን ሆኖ ቀረ። የሚሉትን ይሰማል፣ ይረዳል፤ ቁጥር ሲጠየቅ በጣቶቹ ያሳያል፤ ያልተረዱት ሲመስለው ይናደዳል። በሚያዝያ 1861 ሲሞት ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን መረመረ፤ በግራው የግንባር ክፍል ታችኛው እጥፋት ላይ ጉዳቱን አገኘ። ቦታው እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። በ1874 ደግሞ የ26 ዓመቱ ጀርመናዊ ሐኪም ካርል ቬርኒኬ ተቃራኒውን ጻፈ። የእሱ በሽተኞች ሳይደናቀፉ ይናገራሉ፤ ንግግራቸው ግን ፍሬ የለውም፣ የሚባሉትንም አይረዱም። ጉዳቱ በግራው የጆሮ ግንድ ክፍል ወደ ኋላ ነበር።

ጅማ ላይ ነገሩ አንድ እርከን ይጨምራል። በአንድ የገበያ ቀን አንድ ሰው አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ምናልባትም ዳውሮኛ ወይም የምኛ ሲናገር ይውላል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ሰፈር የለም፤ ቋንቋዎቹ በአብዛኛው በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ስለዚህ ግቢው ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ይነካሉ፤ የሚመለሱት ግን ሁልጊዜ እኩል አይደለም። አንደበቱ የተያዘን ሰው በአንድ ቋንቋ ብቻ ሞክሮ ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው። በልጅነቱ ቋንቋ ያናግሩት፤ በገበያው ቋንቋም ይሞክሩት።

ንባብ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ንግግርን ተፈጥሮ ታዘጋጅልናለች፤ ፊደልን ግን ቅርፊታችን በትምህርት ቦታ ይሰጠዋል። ተመራማሪው ስታኒስላስ ዴሃን የሚመራው ቡድን በ2010 በብራዚልና በፖርቱጋል ያልተማሩ፣ በልጅነት የተማሩና በጉልምስና የተማሩ ሰዎችን አነጻጽሮ፣ ንባብ በግራው አንጎል ከኋላና ከጆሮ ግንድ ክፍሎች መጋጠሚያ በታች አንድን ቦታ ለፊደል እንደሚያሠለጥን፣ ይህም ጎልምሶ የተማረ ሰው ላይ እንደሚታይ አሳየ። ይህን ሳነብ በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው የታወሰኝ። በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል፣ ኦሮምኛውም ጭምር ተሰጠ። ጎልማሶች ቀን ከእርሻ ውለው ማታ በኩራዝ «ሀ ሁ» ብለዋል። ያኔ በእያንዳንዳቸው አንጎል ላይ አንድ አዲስ ሰፈር እየተቆረቆረ ነበር። የዛሬው የጅማ ተማሪ ቁቤውንም ፊደሉንም በዚያው ቦታ ያነብባል።

በእሸት ወይስ በጀንፈል?

ቡናውን ወደ ገበያ ከማድረሱ በፊት ገበሬው አንድ ውሳኔ ነበረበት። ቀዩን እሸት ዛሬውኑ ቢሸጠው ገንዘቡን ዛሬ ይዞ ይገባል። በአልጋ ላይ አስጥቶ ጀንፈል ቢያደርገው ሳምንታት ይጠብቃል፤ ዝናብ ሊመታበት ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ሊል ይችላል። የልጁ የትምህርት ቤት ወጪ አለ፤ የዕቁብ ቀን ደርሷል። ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ይዞ የሚያመዛዝነው ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው የፊተኛው ቅርፊት ነው። የዛሬን ፍላጎት አግዶ የነገን ያያል፤ ቃል የተገባውን ያስታውሳል፤ ሁኔታው ሲለወጥ ዕቅድ ይለውጣል። ከቅርፊቱ ሁሉ ዘግይቶ የሚበስለውም እሱ ነው፤ ብስለቱ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይዘልቃል። ሽማግሌ ሳይጠየቅ ትልቅ ነገር አይወሰንም የሚለው ባህላችን ይህን ሰፈር ስሙን ሳያውቅ አክብሮታል።

በመስከረም 1848 አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ በነበረው ፊንያስ ጌጅ ላይ ባሩድ ፈንድቶ፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተነሥቶ ተናገረ፤ ከሞትም ተረፈ። የሚያውቁት ግን ቀድሞ ረጋ ያለውና ታማኙ ሰው ተሳዳቢና የጀመረውን የማይጨርስ ሆነ አሉ። ሰውን ጠባዩ ሲለወጥ ከማውገዛችን በፊት ራሱን ተመትቶ እንደሆነ መጠየቅ የተማርነው ከእንዲህ ያለ ታሪክ ነው።

መንገዶቹ

እስካሁን እያንዳንዱን ሰፈር ለብቻው አየን። ቡናውን የጠጣው ግን አንድም ሰፈር ብቻውን አይደለም። ከቅርፊቱ ሥር ነጭ ክሮች፣ እንደ ጅማና አጋሮ መንገድ፣ ሰፈርን ከሰፈር ያገናኛሉ። የታን አንጎል በፓሪስ ተጠብቆ ስለቆየ፣ ተመራማሪዎች በ2007 በዘመናዊ መሣሪያ ፎቶ አንሥተውት ነበር። ጉዳቱ ብሮካ ካየው ውጫዊ ቅርፊት ዘልቆ የሚያገናኙትን ክሮች ጭምር መቁረጡን አዩ። ታን ሰፈሩንም መንገዱንም አጥቶ ነበር ማለት ነው።

የመንገዱም የሰፈሩም ትልቁ ጠላት ስትሮክ ነው፤ ወደ አንድ የአንጎል ክፍል የሚሄድ ደም ሲቋረጥ ወይም ደም ሥር ሲፈነዳ ማለት ነው። ፊት በአንድ ጎን ድንገት ሲጣመም፣ አንድ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር «ምች ነው» ብሎ ማደር የለም፤ ሰዓቱን አስታውሶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። የተጎዳው የትኛው ሰፈር እንደሆነ ምልክቱ ራሱ ይናገራል። የቀኙ የአናት ክፍል ከተጎዳ ሰውየው የግራውን ዓለም ይረሳል፤ ከትሪው ላይ በቀኝ በኩል ያለውን እንጀራ በልቶ «አለቀ» ይላል። ትሪውን አዙሩለት፤ መብላቱን ይቀጥላል። የግራው የግንባር ክፍል ከተጎዳ አንደበቱ ይያዛል።

በዚህ ምዕራፍ ካየነው ሁሉ ወደ ቤት ይዘነው ልንገባ የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነው። አንደበቱ የተያዘን አባት ብዙ ቤት እንደ ሕፃን ያየዋል። በፊቱ ስለ እሱ ይወራል፤ ስለ መሬቱ፣ ስለ ቡናው ውሳኔ ሳይጠየቅ ይወሰናል። እሱ ግን በአብዛኛው ይሰማል። ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ይለያል፤ የቡናውን ሽታ ያውቃል፤ የእናቱ ቤት ትዝ ይለዋል፤ ልጁ ስታልፍ ፊቷን ይለያል። የጠፋው አንድ ሰፈር ነው፤ ከተማው አለ። አንደበታቸው የተያዘ ብዙ ሰዎች አንዲት ዐረፍተ ነገር መሥራት አቅቷቸው የለመዱትን ጸሎት ወይም መዝሙር ከነዜማው ያደርሱታል፤ የልምድ ቃልና ዜማ የሚሄዱበት መንገድ ከተቆረጠው የተለየ ስለሆነ።

እንግዲህ ምጣዱ ሲዞር ለእሱም ይዙርለት። ጊዜ ይሰጠው፤ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ በጣቱ፣ በራሱ ንቅናቄ ሊመልሰው የሚችለውን ይጠየቅ። አቦሉ ሲቀዳ የመጀመሪያዋ ስኒ ለታላቅ እንደምትሰጥ ለእሱ ትሰጠው። ምርቃቱም ሲደርስ ቤቱ ዝም ብሎ ይጠብቀው። ምናልባት ጣቱን ያነሣል፤ ምናልባት «አሜን» የምትለው ቃል ሳትጠራ ትመጣለች።